የጅማ የበጋ ምሽትና ጣሪያ የማይሻው ኦፔራ

ጅማ መልኳን እየቀየረች ነው። የኮሪደር ልማቱ መንገዶቿን አስፍቷል፤ በአዌቱ ወንዝ ዳርም ሰው የሚንሸራሸርበትና አረፍ የሚልበት ቦታ ተገኝቷል። አመሻሽ ላይ ልጆቹን አስከትሎ የሚወጣውን ሰው ላየ፣ ከተማው ይህን ምን ያህል ሲጠብቅ እንደኖረ ለመረዳት አይቸገርም። ያልተመለሰው ጥያቄ በእነዚህ አዳዲስ ቦታዎች ምን ይሰማ የሚለው ነው። እስካሁን ምላሹን የያዙት የድምፅ ማጉያዎች ናቸው። አንዱ ቤት ዘፈን ሲከፍት ጎረቤቱ ሌላ ዘፈን ከፍቶ ሊያሸንፈው ይታገላል፤ መሀል የተቀመጠው ሰው አንዱንም በቅጡ ሳይሰማ ጆሮው እየጮኸ ወደ ቤቱ ይገባል።

በዚህ መሀል ክላሲካል ሙዚቃና ኦፔራ (በመድረክ ላይ በዘፈን የሚተረክ ድራማ) የሚል ሐሳብ የሚያነሣ ሰው ወዲያው «አዳራሹ የት አለና?» ይባላል። ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። እኔ ግን ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው እላለሁ። ይህ ሙዚቃ ደጅ ላይ ሲሰማ የኖረ ነው፤ ጅማም አዳራሽ እስክትሠራ ሳትጠብቅ፣ ባላት አየርና ባላት ምሽት ልታጣጥመው ትችላለች። ለዚህ የሚያስፈልጉ ጥቂት ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ማስተዋልን የሚጠይቁ ናቸው።

ጥቂት ታሪክ እናንሣ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሙዚቃ ደራሲው ሃንደል በ1717 ለእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አንደኛ ያዘጋጀው ሙዚቃ የተሰማው በቴምዝ ወንዝ ላይ ነበር፤ 50 ያህል ሙዚቀኞች በጀልባ ተጭነው እየተጫወቱ፣ ንጉሡ በሌላ ጀልባ ሆኖ እያዳመጠ። ያው ሃንደል በ1749 ለለንደን የርችት በዓል ሌላ ታላቅ ሥራ ደረሰ፤ ይህም ለአደባባይ የታሰበ ነበር። ሞዛርት ለሠርግና ለአትክልት ቦታ ድግስ የደረሳቸው ሴሬናዶች (ለደስታ ምሽት የሚሆኑ ቀለል ያሉ ሥራዎች) ብዙ ናቸው። ይህ ሙዚቃ በወፍራም መጋረጃና በውድ ትኬት ብቻ የታጠረ አልነበረም።

ኦፔራን ወደ ደጅ በማውጣት ስሟ የገነነው የጣልያኗ ቬሮና ናት። በከተማዋ መሀል ሮማውያን በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የሠሩት ሞላላ የድንጋይ ስታዲየም አለ። የኦፔራ ደራሲው የቨርዲ መቶኛ የልደት ዓመት በተከበረበት በ1913፣ ቴኖሩ (በቀጭን የወንድ ድምፅ የሚዘፍነው) ጆቫኒ ዜናቴሎና ወዳጆቹ በዚያ ስታዲየም የቨርዲን «አይዳ» የተሰኘ ኦፔራ አሳዩ። ዛሬ ቬሮና በየበጋው በአንድ ምሽት ከ10 ሺህ በላይ ሰው ታስተናግዳለች። ሲጨልም ተመልካቹ ትንንሽ ሻማ የማብራት ልማድ አለው። ገንዘብ ያለው ከፊት በወንበር ይቀመጣል፤ ሌላው የፀሐዩ ሙቀት ገና ያልለቀቀው የድንጋይ ደረጃ ላይ ትራሱን አንጥፎ፣ የቋጠረውን ምግብ እየቀማመሰ ያያል።

«አይዳ» ደግሞ ኢትዮጵያዊ ሰው እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊያልፈው የሚገባ ሥራ አይደለም። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በጦርነት ተማርካ የግብፅ ልዕልት አገልጋይ ሆናለች፤ የምትወደው ሰው የግብፅ ጦር አዛዥ ነው፤ እሱ የሚዘምተው ደግሞ በአባቷ ላይ ነው። ይህ ኦፔራ መጀመሪያ የታየው በካይሮ ነው፣ ታኅሣሥ 1871። ሥራውን ያዘዘውና ለቨርዲ 150 ሺህ ፍራንክ የከፈለው የግብፁ ገዥ ኸዲቭ እስማኤል ነበር። እስማኤል ማን እንደሆነ ታሪካችንን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ኦፔራው በታየ በአራተኛው ዓመት ጦሩን ወደ ኢትዮጵያ የላከው እሱ ነው። በመድረኩ ላይ ግብፅ አሸንፋ በጥሩንባ ታጅባ ትገባለች። በምድር ላይ ግን በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራዕ ላይ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት የኸዲቩን ጦር ደመሰሰ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ስንት ሕዝብ ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት እያለቀሰ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እኛ ግን ታሪኳን ሳንሰማ መቅረታችን ያንገበግበኛል።

ይህን የምለው በሐሳብ ደረጃ ብቻ አይደለም። ባለፈው ጥር፣ አንድ ምሽት፣ ግቢያችን ውስጥ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሲቀዳ፣ አይዳ በአባይ ዳር በሌሊት አገሯን እያሰበች የምታንጎራጉረውን ክፍል በትንሽ የድምፅ ማጫወቻ ከፈትኩት። ያንን ክፍል የመረጥኩት ታሪኩም ደጅ ላይ፣ በጨረቃ የሚፈጸም ስለሆነ ነው። ከጎናችን የሚኖሩት እናት ሲኒያቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ማንን አጥታ ነው ልጄ እንዲህ የምታንጎራጉረው?» አሉኝ።

«አገሯን ነው እማማ። ኢትዮጵያዊት ናት፤ ግብፅ ወስደዋት ነው። አረንጓዴውን ጋራ ዳግመኛ አላየውም እያለች ነው።»

«በአማርኛ ነው እንዴ የምትዘፍነው?»

«በጣልያንኛ ነው።»

«አሃ። እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። ቀጥለው መጨረሻዋን ጠየቁ። የምትወደው ሰው ከነሕይወቱ መቃብር ሲዘጋበት፣ እሷ ቀድማ ገብታ ተደብቃ እንደጠበቀችውና አብራው እንደሞተች ስነግራቸው ግን በጣም ተቆጡ። «አባቷ አገር እያለ? ምን ነክቷት ነው ወደ አገሯ ያልሸሸችው?» ብለው እስከ እራት ሰዓት ድረስ ከሰው ሁሉ ጋር ሲከራከሩ አመሹ። ኦፔራ የሚፈልገው አድማጭ እንዲህ ያለው ነው። ቋንቋውን አላወቁም፤ የድምፁን ስም አላወቁም፤ ሐዘኑ ግን ገብቷቸዋል፣ በባለታሪኳም ላይ ፈርደዋል። የሠለጠነ ጆሮ ያስፈልጋል የሚለው ማስፈራሪያ ከዚያን ቀን ወዲህ ለእኔ ዋጋ የለውም።

ለነገሩ ደጅ ላይ ቆሞ ለረጅም ሰዓት ማድመጥ ለጅማ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። መንዙማ ሲወርድ ከዒሻ በኋላ ተጀምሮ ሌሊቱን የሚዘልቅበት አገር ነው። በጥምቀት ካህናቱ በጽናጽልና በከበሮ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያሸበሽቡ፣ ሕዝቡ በሜዳ ላይ ሰዓታት ይቆማል። በኖታ የሚጻፈው ሙዚቃም ቢሆን ወደ አገራችን የገባው በደጅ በኩል ነው፤ ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ በስጦታ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች፣ ኋላም ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወጣቶች የሰልፍና የአደባባይ ሙዚቀኞች ነበሩ። ጅማ በበኩሏ ሙላቱ አስታጥቄን የወለደች ከተማ ናት። በ1943 እዚህ ተወልዶ፣ ለንደንና ቦስተን ተምሮ፣ የእኛን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ያዋሐደ ሰው ያፈራች ከተማ «የውጭ ሙዚቃ አይስማማንም» ብትል ማን ያምናታል?

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ፤ እሱም ድምፅ ነው።

ደጅ ላይ ድምፅ ግድግዳ የለውም። አዳራሽ ውስጥ ቫዮሊኑ የሚያወጣው ድምፅ ከግድግዳና ከጣሪያ እየነጠረ ስለሚመለስ አድማጩ ደጋግሞ ያገኘዋል። ሜዳ ላይ ግን አንዴ ካለፈ አለፈ። ከድምፁ ምንጭ ያለው ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ከመድረኩ በ10 ሜትር ላይ ደስ ብሎት የሚያደምጠው ሰው ወደ 80 ሜትር ቢያፈገፍግ 18 ዴሲቤል አጥቷል ማለት ነው፤ ለጆሮ ይህ የቀድሞው ድምፅ ከሩብ ጥቂት ብቻ አልፎ እንደቀረ ያህል ነው። ስለዚህ ከኦርኬስትራው ጀርባና ከበላዩ እንደ ዛጎል የጎበጠ ጠንካራ ግድግዳ ይቆማል፤ ወደ ኋላ የሚባክነውን ድምፅ ወደ ሕዝቡ ይመልሳል። የሎስ አንጀለሱ የሆሊውድ ቦውል መድረክ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የታወቀበት ቅርጽ ይኸው ነው። ለዚህ ወፍራም ጣውላና አንድ ጎበዝ አናጢ በቂ ነው፤ ጅማ ደግሞ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት።

የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ማይክሮፎን 60 ሰው ከሚጫወትበት ኦርኬስትራ በላይ እንዴት ይሰማል ብሎ የሚገረም አለ። ምክንያቱ ጩኸት አይደለም። የኦርኬስትራ ጉልበት የሚበዛው በ500 ሄርዝ (ሄርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ የሠለጠነ ዘፋኝ፣ በተለይም ወንዱ፣ ጉሮሮውን አዘጋጅቶ በ3,000 ሄርዝ አካባቢ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል። መሣሪያዎቹ በሚደክሙበት በዚያ ከፍታ ላይ የእሱ ድምፅ ብቻውን ያልፋል። የሰው ጆሮም ለዚህ ከፍታ በተለየ ሁኔታ የነቃ ነው። በቬሮና ድንጋይ ላይ ትውልድ በትውልድ ያለ ማጉያ ሲዘፈን የኖረው በዚህ ጥበብ ነው።

ጅማ እዚህ ላይ አንድ በረከት አላት። ቀን ላይ መሬቱ ሲሞቅ ከታች ያለው አየር ይግላል፤ ድምፅ ወደ ቀዝቃዛው አየር የመታጠፍ ጠባይ ስላለው ወደ ሰማይ ተጠምዝዞ ያመልጣል። ፀሐይ ስትጠልቅና ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ወደ ታች፣ ወደ ሰው ይታጠፋል። በታኅሣሥና በጥር ምሽት የሩቅ አዛን ወይም የሩቅ ቅዳሴ አጠገባችን ያለ ያህል የሚሰማን በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ በጣም የደረቀ አየር ቀጭኑን ድምፅ ቶሎ ይውጠዋል፤ በአረንጓዴ የተከበበችው ጅማ አየር ደግሞ እርጥበት አያጣም። በረከቱ ግን ለሁሉም ድምፅ እኩል ነው። ቫዮሊኑን ወደ እኛ የሚያመጣው አየር የባጃጁን ጥሩንባና የጄኔሬተሩንም ጉርምርምታ ያመጣል። ስለዚህ አዘጋጆች ከምንም በፊት ሊያስቡ የሚገባቸው ስለ ጸጥታ ነው።

ማጉያ መጠቀም ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በኦስትሪያ ብሬገንዝ፣ በሐይቅ ላይ በተሠራ መድረክ ፊት 7,000 ያህል ሰው ተቀምጦ ኦፔራ ያያል፤ ኦርኬስትራው ግን ውጭ የለም። በአጠገቡ ባለው ሕንፃ ውስጥ ሆኖ ይጫወታል፤ ድምፁ በማጉያዎች ወደ ሐይቁ ዳር ይመጣል፤ ዘፋኞቹ የሙዚቃ መሪውን የሚያዩት በስክሪን ነው። ማንም ይህ ኦፔራ አይደለም አላለም። ነውሩ ያለው በአጠቃቀሙ ላይ ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው ሁለት ግዙፍ ማጉያ መድረኩ ግራና ቀኝ አቁሞ እስከ መጨረሻው መክፈት ነው፤ ከፊት ያለው ይደነቁራል፣ ከኋላ ያለው የሚሰማው ጉምጉምታ ነው። ትክክለኛው መንገድ ትንንሽ ማጉያዎችን በሕዝቡ መሀል እያራራቁ ማቆም ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 68 ሜትር ለመድረስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ እዚያ የቆመው ማጉያም ያንኑ ያህል ዘግይቶ እንዲያወጣ ካልተስተካከለ አድማጩ እያንዳንዱን ኖታ ሁለት ጊዜ ይሰማል። ይህን ማስተካከል የሚቻለው ዛሬ በየሠርጉ በምናየው ዲጂታል ሚክሰር ነው። የሚጎድለው መሣሪያው አይደለም፤ ያንን ለማስተካከል አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚመጣ ባለሙያ ነው።

መሣሪያዎቹም እንደ ሰው ብርድና ሙቀት ያውቃሉ። ክላርኔትና ጥሩንባ ሲሞቁ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ የቫዮሊን ክር ግን ሲሞቅ ይላላል። ከሰዓት በኋላ በፀሐይ የተቃኘ ኦርኬስትራ ማታ ሲበርድ እርስ በርሱ የማይስማማው በዚህ ነው። ጠብታ ዝናብ ለዘመናት የኖረን ቼሎ ሊጎዳ ይችላል። ሕዝቡ ከሰማይ በታች ይሁን፤ ሙዚቀኛው ግን መጠለያ ይኑረው።

ዝናብ ካልኩ አይቀር፣ ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ክረምቱ ረጅም ነው። በሐምሌ 1991 የኦፔራ ዘፋኙ ፓቫሮቲ በለንደን ሃይድ ፓርክ ሲዘፍን ዝናቡ ወረደ፤ ጃንጥላው የኋላውን ሰው ስለከለለ ሁሉም እንዲያጥፍ ተጠየቀና ልዕልት ዲያና ሳትቀር በዝናብ ራሰች። ያ ለአንድ ምሽት የሚያምር ትዝታ ነው፤ ዕቅድ ግን አይሆንም። የእኛ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው።

በዚያ ወቅት ውስጥም ቀን መምረጥ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነው፤ የዞኑ ሰው እጁ ሥራ ላይ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ለእኔ የሚታየኝ ምርጥ ጊዜ ከጥምቀት ማግሥት ያለው ነው፤ የቡናው ገንዘብ እጅ ገብቷል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጾሙም ተፈትቷል። ሆኖም በእነዚህ ዓመታት ረመዳን ወደ የካቲትና ወደ ጥር እየተጠጋ በመሆኑ ሁለቱንም የቀን አቆጣጠር ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሰዓቱ ላይ ግን ከአውሮፓ የተሻልን ነን። ቬሮና በሰኔ ፀሐይዋ አመሻሽቶ ስለሚጠልቅ ኦፔራው የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ሲያልቅ እኩለ ሌሊት አልፏል። ጅማ በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መግሪብ እንደተሰገደ መጀመር፣ ለዒሻ አዛን የዕረፍቱን ሰዓት መስጠት፣ ከዚያ ሁለተኛውን ክፍል ማሳየት ይቻላል። እንዲህ ከተደረገ ሙዚቃው ከአዛኑ ጋር አይጋፋም፣ ሰጋጁም ከሙዚቃውና ከሶላቱ አንዱን አይመርጥም፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላም ልጅ የያዘ ሰው ባጃጅ አግኝቶ ቤቱ ይገባል። ይህን የመሰለ የሰዓት ዕድል ስንቱ የአውሮፓ ከተማ ይመኘው ነበር።

በምን ይጀመር? ሙሉ «አይዳ» ይዞ መነሣት የዋህነት ነው፤ ዘፋኙ፣ ኅብረ ዝማሬው፣ ኦርኬስትራው ተደምሮ መቶ ሰው ያልፋል። አምስት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች የሞዛርትን ሥራ ቢያቀርቡ ለአዌቱ ዳር ይበቃሉ፤ የትንፋሽ ድምፅ ደጅ ላይ ከክር የተሻለ ይጓዛል። አንድ ፒያኖና ሁለት ዘፋኞችም ምሽት ይሞላሉ። የራሳችን ሥራዎች ከፊት ይሁኑ፤ ግርማ ይፍራሸዋ በሶፊያ የተማረውን የፒያኖ ጥበብ ከአምባሰልና ከሌሎች ቅኝቶቻችን ጋር ሲያዋሕድ የሰማ ሰው፣ ከዚያ ወደ አውሮፓዊው የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ሾፓን መሻገር አይከብደውም። ኦፔራውን ደግሞ በስክሪን መጀመር ይቻላል። የቪየና ኦፔራ ቤት ራሱ ውስጥ የሚታየውን በግድግዳው ላይ በተሰቀለ ስክሪን ለመንገደኛው በነጻ ያሳያል። የእግር ኳስ ፍልሚያ በትልቅ ስክሪን ደጅ ላይ ሲያይ የኖረ ከተማ መሣሪያውም ልማዱም አለው። ግጥሙ ከሥር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ። የካናዳ ኦፔራ በ1983 ትርጉሙን ከመድረኩ በላይ ጽፎ ማሳየት ሲጀምር ያኮረፉ ነበሩ፤ ዛሬ ያለዚያ የሚያሳይ ትልቅ ኦፔራ ቤት ጥቂት ነው።

መግቢያው ነጻ ይሁን እላለሁ። የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ከ1965 ጀምሮ በከተማው ፓርኮች፣ የቪየና ፊልሃርሞኒክ ከ2004 ጀምሮ በሾንብሩን ቤተ መንግሥት አትክልት ቦታ በነጻ ይጫወታሉ። ነገር ግን ለአድማጩ ነጻ የሆነው ለሙዚቀኛው ነጻ መሆን የለበትም። አሥር ዓመት የተማረን ሰው «ታዋቂ ትሆናለህ» ብሎ ያለ ክፍያ ማቆም ያስቆጣኛል፤ ቡና ላኪውም፣ ባንኩም፣ ሆቴሉም ስሙ እንዲጠራለት ከፈለገ የሙዚቀኛውን አበል ይሸፍን።

ለአድማጩ የምመክረው ጥቂት ነው። ታሪኩን አስቀድሞ ያንብብ ወይም ያስነግር፤ ኦፔራ መጨረሻው በመታወቁ አይጎዳም። ጥሩ ድምፅ የሚገኘው ከመድረኩ ሥር ሳይሆን ከድምፅ ባለሙያው ጎን ነው፤ ሚዛኑን የሚያስተካክለው ከዚያ ሆኖ ስለሆነ። የጥር ሌሊት ይበርዳል፣ ጋቢ አይረሳ፤ ወንዝ ዳር የወባ ትንኝ ስላለ እግርን መሸፈን ነው። ሲምፎኒ (በክፍሎች የተከፈለ ትልቅ የኦርኬስትራ ሥራ) በክፍሎቹ መሀል ባይጨበጨብ ይመረጣል፤ ኦፔራ ላይ ግን ዘፋኝ አንዱን ዜማ በድንቅ ሲጨርስ ሕዝቡ ስሜቱን ማውጣቱ የቆየ ልማድ ነው፤ እልልታችን እዚያ ላይ ቦታ አለው።

ቦታን በተመለከተ ብዙ ሰው ጅሬንን፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያነሣል። ከከተማው ጫጫታ በላይ በመሆኑ ለጆሮ ድንቅ ነው። ቤቱ ግን የእንጨት ቅርስ ነው፤ እዚያ የሚስማማው ያለ ትልቅ ማጉያ የሚቀርብ፣ ጥቂት መቶ ሰው የሚያደምጠው ሥራ ነው። ለብዙ ሕዝብ የሚሆነው የወንዙ ዳር ነው፤ እዚያ ደግሞ ውሳኔው ዛሬ ላይ ነው። በወንዝ ዳር መድረክ የሚሠራ ከሆነ ከታች፣ ከተዳፋቱ ግርጌ ይሁን፤ ሕዝቡ ወደ ላይ እየወጣ በሚሄደው መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ግሪኮቹ ኤፒዳውሮስ ላይ ከ2,300 ዓመት በፊት ያደረጉት ይህንኑ ነው። የመድረኩ ጀርባ በተቻለ መጠን ወደ ዋናው መንገድ ይዙር፤ ድምፅ መላሹ ግድግዳ የመኪናውንም ጩኸት ይጋርዳል። የመብራት መስመር እስከ መድረኩ ይዘርጋ፤ ጄኔሬተር የግድ ከሆነ ከግድግዳው ኋላ፣ ከሕዝቡ ርቆ ይቁም። ማዘጋጃ ቤቱም ለዝግጅት ፈቃድ ሲሰጥ በዙሪያው ያሉት ቤቶች ለሁለት ሰዓት ማጉያቸውን እንዲዘጉ በዚያው ደብዳቤ ይወስን። እነዚህ ሁሉ በንድፍ ወረቀት ላይ ሲሆኑ የሚጠይቁት አንድ ስብሰባ ነው፤ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን የሚጠይቁት ማፍረስን ነው።